አምስት ምን?

ሐሙስ ማለዳ ከመሐል ሜዳ በሚኒባስ ተነሣሁ። የምሄደው ሞላሌ፣ የበግ መድኃኒት ወደ ሸጠልን ወጣት ነው። ጎረቤቴ ወለተ የሴቶች ማኅበራችንን በጎች ትጠብቃለች፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ማንበብ ባትችልም ቁጥር ትለያለች። ከመድኃኒቱ ጋር የሰጠን ወረቀት ላይ «5» አይታ አንዷን እርጉዝ በግ አምስት የሾርባ ማንኪያ አጠጣቻት። በጓ ሞተች። አሁን ማኅበሩ «ፊደል ያልቆጠረች» ብሎ መንጋውን ሊነጥቃት ነው። እኔ መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ፤ ከአምስቱ ጎን የተጻፈችውን «ሚ» አየኋት፤ ምን እንደሆነች ግን አላወቅሁም።

መንገዱን ጭጋግ ውጦታል። ሲገለጥ የገብሱ ማሳ ገደል አፍ ድረስ ወርዶ ይታያል። የሱፍ ባናዬን ተከናንቤ ከቆሎዬ ከጎኔ ለተቀመጠው ሰው ዘገንኩለት።

«ለበግ ብለው ነው ሞላሌ ድረስ?» ብሎ ሳቀ።

«ለሰው ነው» አልኩት። ቆሎውን ይቆረጥም ጀመር።

ሞላሌ

የወጣቱ ሱቅ ገበያው ዳር ነው። ወረቀቱን ዘረጋሁለት።

«አምስት ምን?»

«ሚሊ ሊትር ነዋ፣ እማማ። ሁሉም ያውቀዋል።»

«እኔ አላወቅሁትም፤ ወለተም አላወቀችም። ሁሉም የምትለው ማንን ነው?»

«ሰው ሲበዛብን አሳጥረን እንጽፋለን።»

«ቀለም ቆጥበህ በግ ገደልክ!»

የሆነውን ስነግረው መርፌ የሌለው ስሪንጅ አወጣ። አምስት ማንኪያ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረና በስሪንጁ እየሳበ ለካው። እየሳበ፣ እየደፋ፣ ውኃው አላልቅ አለው።

«ይህን ሁሉ ጠጣች?» አለ ቀስ ብሎ።

«ነገ ስብሰባ አለን። መጥተህ ትናገራለህ።»

«ሱቄን ዘግቼ?»

«እሷስ ጎጆዋን ትዝጋ?»

መልስ

አብሮኝ ተሳፈረ። መንገድ ላይ ቅቅል ድንች እየበላን አዲስ ወረቀት ጻፈ፤ መጀመሪያ «5 ሚሊ ሊትር» ብሎ በሙሉ፣ ከዚያ በታች «5 ሚ.ሊ.» ብሎ።

«ማሳጠር ካስፈለገ ትክክለኛው አጻጻፍ ይህ ነው። ‹ሚ› ብቻዋን መለኪያ አይደለችም» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ጻፍካት?»

አዲሱን ወረቀት አጥፎ ሰጠኝ።

በማግስቱ በጎቹ በረት ደጅ በተደረገው ስብሰባ ማኅበሩ ፊት ቆሞ፣ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነና በጓንም እንደሚተካ ተናገረ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ የሚያውቅ ሰው አሳጥሮ ሲጽፍ የጎደለውን የሚከፍለው የማያውቀው መሆኑን ነው።

ወለተ ስሪንጁን ከወጣቱ እጅ ተቀብላ መድኃኒቱን እስከ አምስቱ ጭረት ሳበችና ወደ ብርሃኑ አንሥታ ለሁላችንም አሳየች። ሊቀመንበሯ ራሷ ተነሥታ መድኃኒት የምትጠጣውን የመጀመሪያዋን በግ ያዘችላት።