ኦላና ያጠበቃት ብሎን

በክረምት መውጫ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ጉም ይተኛል። አንዳንድ ቀን እስከ ሁለተኛው ፎቅ ይደርስና ሕንፃዎቹ መሠረት የሌላቸው፣ አየር ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። ኦላና ኢተፋ በዚያ ጉም ውስጥ አሮጌ ነጭ ኮሮላውን አስነስቶ መሪውን እንደያዘ ይቀመጣል። የሚሄድበት ኖሮት አይደለም። ድምፅዋን ለማዳመጥ ነው።

ድምፅዋ ደኅና አልነበረም። መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ሞተሩ የሚያርፍበት ነገር ጠፍቶባታል። ማንም ሳይረግጣት ታጓራለች፤ ከዚያ የምትጠፋ እስኪመስል ትወርዳለች፤ መልሳ ታጓራለች። ሌሊቱን ሲቃዥ ያደረ ሰው ትንፋሽ ነበር የሚመስለው።

እስከ ቅዳሜ መሠራት አለባት። ቅዳሜ ባለቤቱን ሶሬቲን አዳማ፣ ልጃቸው ሮዳስ ዘንድ ሊያደርሳት ነው። «ትንሽ ልሰንብት» ነበር ያለችው። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አልነገረችውም፤ እሱም ፈርቶ አልጠየቀም። ነገር ግን ሻንጣዋ ውስጥ የብርዱንም የሙቀቱንም ልብስ ስታጣጥፍ አይቷታል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ አንዴ ትዳን ይላል፣ አንዴ ደግሞ ባትድንስ ይላል።

ኦላና ከነቀምት በወጣትነቱ መጥቶ ዕድሜውን የፈጀው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ነው፤ የሻንጣ ጋሪ የሚጎትት ትራክተር እየነዳ። እዚያ ሜዳ ላይ ሰው የሚግባባው በእጁ ወይም በጩኸት ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እንዲያ ሲጮህ ኖረ፤ ማታ ቤቱ ሲገባም ጫማውን እንጂ ጩኸቱን በር ላይ አያወልቅም ነበር። በኋላ የሶሬቲ ጆሮ እየደከመ ሲመጣ ጩኸቱ ሥራ አገኘ። ሁለቱ ጉድለቶች እንደ በርና እንደ መቃን ገጠሙ። የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቶች እነ ኦላና ቤት ዛሬ ምን እንደሚበላ፣ ነገ ማን እንደሚመጣ ያውቃሉ።

ከዚያ ሮዳስ ባቄላ የምታህል የመስሚያ መሣሪያ ገዝታ መጣች። የመጀመሪያው ቀን ሶሬቲ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ዝናቡን ሰማች። «እንዲህ ነበር እንዴ?» አለችና እንባዋ መጣ። ኦላና ደስታው አላስችል ብሎት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ሶሬ! ይሰማሻል?!»

ሁለት እጇን ወደ ጆሮዋ አነሳች። ያንን አይቷል፤ ምን እንዳየ ግን ያኔ አላወቀም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መሣሪያው ወደ ትንሽዬ ሳጥኑ ተመለሰ፤ ሳጥኑም መደርደሪያው ላይ ቀረ። «ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል» አለች ሶሬቲ። «የቻይና ነው! ልጅቷን አታለዋታል!» አለ ኦላና። ከዚያ ወዲያ በመሃላቸው ወሬ እየሳሳ ሄደ፤ አንድ ቀን ደግሞ የአዳማው ነገር መጣ። ለምን ሲላት ያለችው አንዲት ነገር ናት፦ «ሮዳስ ቤት ጸጥታ አለ።» ጆሮው ለደከመ ሰው ጸጥታ ምን ያደርግለታል? ኦላና ይህን እያሰላሰለ ስንት ጉም ገፈፈበት።

ሐሙስ ዕለት መኪናዋ እየጎተተችው ላምበረት ሄደ። ሳይረግጣት ትሸሻለች፤ መንገዱን ሁሉ ፍሬን ላይ ቆሞ ነው የደረሰው። ሙኽታር የሚባል ወሎዬ መካኒክ ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ አለው። በቅርቡ የስሮትል ሴንሰሯን፣ ማለት የአየር በሩ ምን ያህል እንደተከፈተ ለመኪናዋ ኮምፒውተር የምትነግረውን ዕቃ፣ የቀየረለት እሱ ነው።

«ጋሼ ኦላና፣ ገና ከመናኸሪያው ሳትዞሩ ሰማኋችሁ» አለ ሙኽታር እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ማንኛችሁ እንደምትጮኹ ነው መለየት ያቃተኝ።»

«አንተ ነህ ያበላሸሃት! ያቺ ሴንሰር የቻይና ናት!»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ እኔ አልደነቆርኩም። ስልክዎም እኮ የቻይና ነው፤ ይሠራ የለም?»

ኮፈኑን ከፍቶ ገባበት። አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ቢኖር ብሎ ላስቲኮቹን አንድ በአንድ ጨመቀ፤ የለም። ጥቀርሻ የያዘውን የአየር ጉሮሮ አጠበ፤ ያው ናት። የሴንሰሯን ብሎኖች ላላ አድርጎ ወደ ቀኝ ገፋት፤ ወደ ግራ መለሳት። በመጨረሻ ጥግ ላይ ከቆመች ሌላ ኮሮላ ሴንሰር ነቅሎ ገጠመላት። ሞተሩ ተነስቶ አጓራ፤ ወረደ፤ አጓራ።

ሙኽታር አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። «ወላሂ ጋሼ፣ አሁን ገባኝ ያልኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ሴንሰሯ ደኅና ናት። እውነቱን ነው የምትናገረው። የዋሸችው የድሮዋ ነበረች። ታዲያ እውነት ሲነገራት ለምን ይብሳታል?»

ሙኽታር ተነሳና በስልኩ መብራት ከሥር ጎንበስ ብሎ አየ። ብዙ ቆየ።

«ይቺን ማነው የነካት?»

የአየር በሩ ሲዘጋ የሚያርፍባት ትንሽዬ ብሎን ናት። አናቷ በካቻቢቴ ተፋፍቆ ያበራል። ኦላና አያት፤ መጀመሪያ ምንም አላለችውም። ቀስ በቀስ ግን ውኃ ውስጥ እንደሚታይ ነገር አንድ ዝናባማ ቀን እየተወላገደ መጣ። አትላስ፣ የትራፊክ መብራቱ ጋ ነው። እግሩን ባነሳ ቁጥር ሞተሩ ይጠፋል፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ ብሎኗን አጠበቃት፤ መኪናዋ መጥፋት ተወች። በሚቀጥለው ክረምት ጥቂት ጨመረባት። ከዚያ ረሳው። ሰው ችግሩን ያስታውሳል፤ ችግሩን ያለፈበትን ዘዴ ግን ከጊዜ በኋላ ተፈጥሮው ያደርገዋል።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምን አሉ?» አለ ሙኽታር። ኦላና እንዲህ ዝቅ ብሎ ሲናገር ሰምቶት አያውቅም።

«እኔ ነኝ ያጠበቅኋት። እየጠፋች ስታስቸግረኝ።»

«በሉ ተገኘ!» ሙኽታር ጭኑን መታ። «የድሮዋ ሴንሰር ስትደክም፣ መኪናዋ እንዳትጠፋ በሩን ገርበብ አድርገው ተዉት። አሁን ደኅና ሴንሰር ገባ፤ በሩ ግን ዛሬም ገርበብ እንዳለ ነው። ኮምፒውተሯ እግርዎ እንደተነሳ ያውቃል፤ ሞተሩ ግን አየር እየሳበ ይሮጣል። ኮምፒውተሯ ነዳጅ ይቆርጥበታል፤ ሊጠፋ ሲል ይሰጠዋል። ይኸው ነው በሽታው።»

«ያኔ ተሳስቼ ነበር?»

«ያኔማ ምን ያድርጉ? አትላስ መሃል ይደሩ? ያኔ ልክ ነበሩ። ሴንሰሯን ስንቀይር ነበር ማላላት፤ እኔም አላየሁም።»

ብሎኗን አላላት፤ የራሷን ሴንሰር መልሶ በቦታዋ አስተካክሎ አሰራት። ከዚያ የባትሪውን ገመድ ነቀለ። «የለመደችውን ትርሳ። እኔም ሰግጄ ልምጣ» አለና ሄደ።

ኦላና መኪናዋ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ከመናኸሪያው የረዳቶች ጥሪ ይመጣል፤ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ፤ ስሞቹ በመስኮቱ ገብተው በሌላው መስኮት ይወጣሉ። ከላይ አንድ አውሮፕላን ወደ ቦሌ ዝቅ እያለ አለፈ፤ ድምፁም እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ አለቀ። ኦላና ዓይኑን ከድኗል። ከአውሮፕላኑ ኋላ በቀረችው ጸጥታ ውስጥ የሶሬቲ ሁለት እጆች ሲነሱ አየ። ወደ ጆሮዋ። የጆሮዋን መሣሪያ እንደ ሴንሰሯ የቻይና ነው ብሎ ሰደበው፤ መሣሪያው ግን እውነቱን ነበር የሚናገረው። የሚያጓራው እሱ ነበር።

ሙኽታር መጥቶ ገመዱን መለሰ። ኦላና ቁልፉን አዞረ፤ ምንም አልሰማምና ደግሞ አዞረው። ከሥር ብረት ከብረት ተፋጨ።

«ተነስታለች እኮ ጋሼ! ይተዋት!» ሙኽታር ሳቁ አላስቆም አለው።

ቤቱ ሲደርስ ሶሬቲ አልጋው ላይ የተከፈተ ሻንጣዋ ፊት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ሌላ ቀን ቢሆን ከበር ላይ ይጠራት ነበር። ዛሬ ዞሮ ፊቷ መጣና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«መኪናዋ ተሠራች» አለ።

«ምን?» አፉን አየችው። የአንገቱ ሥር አልተገተረም። «አሞሃል እንዴ?»

«አላመመኝም።»

«ትናገራለህ፤ ግን አይሰማኝም እኮ።»

ጩኸቱ ጉሮሮው ድረስ መጣ። ዋጠው። ያለውኑ ደገመላት፤ በዚያችው ድምፅ። ሶሬቲ ብዙ ጊዜ ከንፈሩን አየች። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄዳ ሳጥኑን ከፈተችና መሣሪያውን ጆሮዋ ውስጥ አደረገች፤ በር ሲላተም እንደሚጠብቅ ሰው ትከሻዋን ሰብስባ፣ ዓይኗን ጨፍና።

«ሶሬ» አለ ኦላና። «መሣሪያው ደኅና ነው። የጮኽኩብሽ እኔ ነኝ።»

ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ። ዓይኗን ገለጠች።

«እንዲህ ነው እንዴ ድምፅህ?»

«ምን ይመስላል?»

«ነቀምት የማውቀው ነው» አለች ትንሽ አስባ። «ብቻ አርጅቷል።» ከዚያ ሳቀች፤ የራሷን ሳቅ ሰምታ ደነገጠችና ደግማ ሳቀች።

ቅዳሜ ጉሙ እንደ ልማዱ ተኝቶ ነበር። ሶሬቲ አንዲት የእጅ ቦርሳ ይዛ ወጣች፤ ሻንጣዋ አልጋው ላይ እንደተከፈተ ቀርቷል። መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ጠፋች እንዴ?»

«አልጠፋችም። አድምጪ።»

ጎንበስ ብላ አዳመጠች። ከጉሙ ሥር የሆነች ለስላሳ፣ እኩል የሆነች ነገር ትተነፍሳለች።

«ሮዳስን አይተን ማታውን እንመለሳለን አይደል?» አለች።

ኦላና አፉን ከፈተ። ደስታው የሜዳውን ድምፅ ይዞ ሊወጣ ሲል ያዘው።

«አዎ» አለ ቀስ ብሎ፤ እሷም ሰማችው።