ሳትሰጠኝ ተሰጠችኝ ያልኳት ልጅ

ባለቤቴ «ጌታ ተናገረኝ» የምትል ሴት አይደለችም። ይህ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ነገር ነው። ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ሰፈር ውስጥ ተከራይተን በምናመልክበት አዳራሽ እሑድ ከሰዓት ጌታ ያልተናገረውን ሰው ብትፈልጉ አታገኙም። ለአንዱ ስለ ሱቅ ይናገረዋል፣ ለሌላው ስለ መኖሪያ ወረቀት፣ ለእኔ ደግሞ ስለ ሁሉም ነገር። እሷ ግን በአሥራ ሦስት ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብላ አታውቅም። ትጾማለች፣ ትጸልያለች፣ ከዚያ ተነስታ ኮዝሞ ሲቲ ያለችውን ሱቃችንን ትከፍታለች።

ስለዚህ አንድ ረቡዕ ከጾም ጸሎት ስንመለስ «ያቺ ልጅ የእኛ ናት፤ ጌታ ነግሮኛል» ስትለኝ መኪናውን ዳር አስይዤ አቆምኩት።

ማንን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። የልጅቷ አባት የእኛው አካባቢ ሰው ነበር፤ ዘመዳችን አይደለም፣ በመልክም አላውቀውም። እኔ በመጣሁበት መንገድ፣ በጭነት መኪና ተደብቆ ወደ ጆሃንስበርግ ሲመጣ ሕይወቱ አለፈ። መርዶው አዳራሻችን ደርሶ ሁላችንም አልቅሰናል። እናቷ ቀድማ ስለሞተች፣ የሰባት ዓመቷ ልጅ ሆሳዕና አጠገብ ባለች መንደር ከአባቷ እናት ጋር ቀርታለች።

እኔም ሰበብ መቁጠር ጀመርኩ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉን፤ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሱቁ ፋታ አይሰጥም። ባለቤቴ ሁሉንም ሰምታ «አውቃለሁ» ብቻ አለች። እኔም እንደዚያ ሰው በሸራ ሥር ታጥፌ ነው የመጣሁት። እሱ ቀርቶ እኔ ለምን ደረስኩ የሚለውን ጥያቄ ለዓመታት ሸሽቼው ነበር፤ እዚያ መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። ፈራሁ። ግን ሸሽቶ የሚያመልጡት ዓይነት ፍርሃት አልነበረም፤ ሰው በተቀደሰ ቦታ ሲቆም የሚሰማው ነው።

እንግዲህ ፈርቼ ዝም ብል ምን ነበረበት። አፌ ግን ሁልጊዜ ከእግሬ ይቀድማል።

በሚቀጥለው እሑድ መጋቢው «ምስክርነት ያለው ይምጣ» ሲል ተነሳሁ። እኛ ዘንድ ገና ያልተቀበሉትን ነገር «በእምነት ተቀብያለሁ» ብሎ አስቀድሞ ማመስገን የተለመደ ነው። ወረቀቱ ሳይወጣ ወጣልኝ የሚል አለ፤ ሱቅ ሳይከራይ ተከራየሁ የሚልም አለ። እኔም ማይክራፎኑን ይዤ «ጌታ ሴት ልጅ ሰጥቶናል። አገር ቤት ናት፤ በቅርቡ ታዩዋታላችሁ» አልኩ። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ባለቤቴ አንገቷን ደፍታ ጫማዋን ታያለች። አያቷን ገና አልጠየቅናቸውም ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አምልኳችን በስልክ በቀጥታ ይተላለፋል። ሐሙስ ዕለት ለአያቷ ስደውል፣ የጎረቤት ልጅ በስልኩ አሳይቷቸው ጉዳዩን ጨርሰው ሰምተው ጠበቁኝ።

«ልጄን የወሰድካት አንተ ነህ?» አሉኝ በአገራችን ቋንቋ።

«አልወሰድኩም እማማ፤ ልጠይቅዎት ነው የደወልኩት።»

«ልጆች የሉህም?»

«ሁለት አሉኝ።»

«ታዲያ የእኔ ምን ልታደርግልህ ነው? ጠዋት ስትነሳ ምን ትሠራለች?»

ልጅቷን ማመስገን ፈለግሁ። አገራችን ልጅ የሚመሰገነው በሥራው ነው። «ጎበዝ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ እማማ፤ ባለቤቴን ታግዛለች» አልኩ። ስልኩ ተዘጋ።

ምን እንዳልኩ የገባኝ የባለቤቴን ፊት ሳይ ነው። «ላሳድጋት» ተብላ ሰው ቤት የገባች ልጅ ታሪክ እኛ አገር የማያውቅ የለም። ከሁሉ ቀድማ ትነሳለች፣ ከሁሉ በኋላ ትበላለች፣ የቤቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ደጅ ትጠርጋለች። አያቷ ራሳቸው እንደዚያ እንዳደጉ የሰማሁት በኋላ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልመሰለኝም።

ያለኝ የአባቶቼ መንገድ ብቻ ነበር። ሽማግሌ ላክሁ። ለሚስት እንጂ ለልጅ ሽማግሌ ሲላክ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ከአያቷ ቤተ ክርስቲያን ሦስት አዛውንቶች ለምኜ ላክኋቸው። የመጀመሪያ ጊዜ አያቷ ሳያስቀምጧቸው መለሷቸው። በሁለተኛው አንድ ቃል ሰጧቸው። «በሰው ፊት የወሰዳትን በሰው ፊት ይመልሳት» አሉ።

ይህን ለመጋቢው ስነግረው ግራ ገባው። «በእምነት የተቀበልከውን እንዴት ትመልሳለህ ወንድሜ?»

«እኔ የተቀበልኩት የሴትዮዋን የልጅ ልጅ ነው» አልኩት።

እሑድ ቆምኩ። «ልጅ ተሰጠችኝ ብዬ መስክሬ ነበር» አልኩ። «አልተሰጠችኝም። ያሳደጓትን አያቷን ሳልጠይቅ ነው የተናገርኩት። ዋሽቻለሁ። ልጅቷ የእሳቸው ናት።»

እልልታ የለም፣ አሜን የለም። ሰው ምስክርነቱን ሲመልስ አይተው ስለማያውቁ ምን እንደሚባል አላወቁም። ሁለቱ ልጆቼ አፍጥጠው ያዩኛል። ወደ ወንበሬ ስመለስ ባለቤቴ እጄን ያዘች፤ እስከ መጨረሻው አለቀቀችውም። በዚያ አዳራሽ ስንት ጊዜ ጮኽን፣ ስንት ጊዜ ዘመርን፤ ጌታ ግን እንደዚያ ዝምታ ቀርቦኝ አያውቅም። መሬቱን መርገጥ ፈራሁ።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄዱ አያቷ አስቀመጧቸው። የላኩልኝን ቃል ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «ተሰጠችኝ ሲል አላመንኩትም። አልተሰጠችኝም ሲል አመንኩት። ይምጣ።»

ወረቀቱ በሁለቱም አገር አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። ፍርድ ቤት ቀረብን፤ የመንግሥት ሠራተኞች ቤታችንን፣ ትዳራችንን፣ የልጆቹን አልጋ ሳይቀር መረመሩ። በመጨረሻ ባለቤቴና እኔ ልንወስዳት ሄድን። አያቷ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ሁላችንንም አንበርክከው ረጅም ምርቃት መረቁን። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ የአያቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ ቆየች፣ ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ጣቶቿን ፈተው የባለቤቴን እጅ አስያዟት። አንዲት አሮጊት ያለቻቸውን በሙሉ ሲሰጡ ዓይኔ አየ። ስንወጣ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ጥያቄዬን አልረሳሁትም» አሉኝ።

ጆሃንስበርግ በደረስን ማግስት፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ከወጥ ቤት ድምፅ ሰማን። ልጅቷ መጥረጊያውን አግኝታ ትጠርጋለች። ባለቤቴ ምንም ሳትላት መጥረጊያውን ተቀብላ፣ አቅፋ ወደ አልጋዋ መለሰቻት። ያን ቀን አያቷ ደወሉ።

«ዛሬ ጠዋት ስትነሺ ምን ሠራሽ?»

«ቤት ጠረግኩ።»

አያቷ «እሺ» ብቻ አሉ። እኔ አጠገቧ ቆሜ እሰማለሁ። ልናስረዳቸው እንችል ነበር፤ ግን አፌን ከዚያ በፊት አምኜው ምን እንዳመጣብኝ አውቃለሁ። ዝም አልኩ።

በማግስቱም ተነሳች። በሦስተኛው ቀንም። መጥረጊያውን ሱቅ ወስጄ ደበቅሁት፤ እሷ ጨርቅ ፈልጋ ወለሉን ወለወለች። ትልቁ ልጄ እንግሊዝኛ እየቀላቀለ «ሲስ፣ ሪላክስ፣ ማንም እኮ አልላከሽም» ይላታል። አንድ ቀን ባለቤቴ ጎንበስ ብላ ለምን እንደምትነሳ ስትጠይቃት «ካልሠራሁ ትመልሱኛላችሁ?» አለቻት። ባለቤቴ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሄዳ ከልጅቷ ጎን ትተኛ ጀመር። ሱቁን የምከፍተው እኔ ሆንኩ።

አያቷ በየቅዳሜው ይደውላሉ፤ ጥያቄው አንድ ነው። አነጠፍኩ ትላለች፣ ዕቃ አጠብኩ ትላለች። እሳቸውም እሺ ብለው ይዘጋሉ።

ሰኔ ገባ፤ እዚህ ብርዱ የሚጠናበት ወር ነው። አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ይዤው ክፍሏ ስገባ ፀሐይ ግማሽ አልጋዋን ይዟል፤ ልጅቷ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ ስባ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ቀስቅሼ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት።

«ዛሬ ጠዋት ምን ሠራሽ?»

«ምንም» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ተኝቼ ነበር አያቴ። አሁን ነው የነቃሁት።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ተቀብዬ አዳመጥኩ። አልተቋረጠም። አያቷ አጠገባቸው ላለ ሰው «እስካሁን ተኝታ ነበር» ይላሉ። ደግመው «ልጄ እስካሁን ተኝታ ነበር» አሉ፤ ከዚያ ብቻቸውን እልል አሉ።