ሁለት ካርድ የነበራት ሙሽራ

ካርድ ክፍል የተቀጠርኩት ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ነው። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ክሊኒክ ጸሐፊ ይፈልጋል ሲባል አባቴ ደብተሬን ይዘው ሄዱ። ሰዎቹም እኔን ሳያዩ ደብተሬን አይተው ቀጠሩኝ። ለእኔ እንዲያ መሆኑ ይሻል ነበር፤ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ አይወጣም። በመስኮቱ የሚሰለፉት ሰዎች ከለመዱኝ በኋላ "ይቺ ልጅ ድምፅዋን ቤት ቆልፋበት ነው የምትመጣው" ይሉ ነበር። አንድ ከዓልዩ አምባ የሚመጡ ሽማግሌ ነጋዴ ስማቸውን ስጠይቃቸው ጆሯቸውን በመስኮቱ አስገብተው "በይ እዚህ ውስጥ ተናገሪ" አሉኝ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ቀና ሳልል ጻፍኩ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ ወፍራም ወረቀት አለ፤ ካርድ ይባላል። በአናቱ ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜና አጥቢያ እኔ እጽፋለሁ። ከዚያ በታች ያሉትን መስመሮች ሐኪሙ ይሞሏቸዋል፦ የመጣበትን ቀን፣ ሕመሙን፣ የተሰጠውን መድኃኒት። ሁሉም ነገር የራሱ ቦታ አለው፤ በዕድሜ ቦታ አጥቢያ አይጻፍም። ካርዶቹ በረጃጅም የእንጨት ሳጥኖች ውስጥ በስም፣ በፊደል ተራ ይቆማሉ። ሰው ሲመጣ ስሙን እጠይቃለሁ፤ ሳጥኑን ስቤ ካርዱን አወጣለሁ። ከሌለ አዲስ እጽፋለሁ። አንዳንድ ቀን ብርዱ ጣቴን ያደነዝዘዋል፤ ካርዶቹን የምለያቸው በዓይኔ እንጂ በእጄ አይደለም።

ሐኪም የምንላቸው መርፌ የሚወጉትንና መድኃኒት የሚሰጡትን ድሬሰር ነው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ወደ ሌላ አገር ተዛውረው፣ እሳቸው ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። በመጡ በመጀመሪያው ቀን አስጠርተውኝ "እኔ እዚህ አገር ማንንም አላውቅም። ካርዱ ላይ ያለውን አውቃለሁ፤ ካርዱ ላይ የሌለውን አላውቅም። ለአንድ ሰው አንድ ካርድ፤ ይኸው ነው ሥራሽ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ገብቶኛል ብዬ ነው።

በእኛ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ያወጡላታል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት በአባቷ ቤት ስም የሚጠራት የለም፤ ጎረቤቱም የሚያውቃት በአዲሱ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የለም። እናቴም፣ ታላቅ እህቴም ሁለት ሁለት ስም አላቸው። ነገሩን ከሳጥኖቹ ጋር ግን አንድም ቀን አገናኝቼ አላሰብኩትም።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ሴትዮ በርኖስ ደርበው ምራታቸውን ይዘው መጡ። ልጅቱ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። ጉሮሮዋ አብጦ ምራቅ መዋጥ አቅቷታል አሉኝ። ስሟን ስጠይቅ አማቷ ተናገሩ። የአባቷንም ስም፣ አጥቢያዋንም እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። አጥቢያው የባሏ ነው። አዲስ ሙሽራ አማቷ ፊት አትናገርም፤ እኔም እሷን እንድትመልስልኝ አልጠበቅኩም።

ሳጥኑን ሳብኩ። በዚያ ስም ካርድ የለም። አዲስ አወጣሁ።

ስጽፍ አንድ ጊዜ ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ዓይኗን የማውቀው መሰለኝ። ባለፈው ዓመት ከአንኮበር በኩል ከእናቷ ጋር መጥታ የነበረች፣ ፊቷ በእከክ የቆሳሰለ ልጅ ትዝ አለችኝ። ይቺ ፊቷ ደህና ነው፤ ግማሹም ተሸፍኗል። በፊት መጥተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እንደዚያ ብጠይቅ አማቷ ይቆጣሉ፣ ሰልፉም ይሰማል ብዬ ተውኩት። ከኋላ የቆመች ሴትም "ኧረ ቶሎ በይ፣ ብርዱ ጨረሰን" ትለኝ ነበር። ካርዱን ሰጠኋቸው።

በበሩ ስንጥቅ የሐኪሙ ክፍል ይሰማል። ሐኪሙ ይህን መርፌ ከዚህ በፊት ተወግታ ታውቃለች ወይ ብለው ጠየቁ። አማቷ መርፌ አይታም አታውቅም ብለው መለሱ። አልዋሹም፤ እሳቸው ዘንድ ከገባች ወዲህ አላየችም። ሐኪሙ ካርዱን አዩት። ባዶ ነው። ፔኒሲሊን ወጓት።

ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ሰው እንኳን አልመዘገብኩም፣ አማቷ ጮኹ። ወጥቼ ሳይ ከንፈሯና ዓይኗ አብጦ ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል። ትንፋሽ አጥሯታል። ሐኪሙ ሮጠው መጥተው ሌላ መርፌ ወጓት፤ አንገቷን አቀኑላት፤ ብዙ ደከሙ። ፀሐይ ጣሪያው ላይ ሳትወጣ ሞተች። ባሏ ከገበያ ተጠርቶ መጣና ከዘመዶቹ ጋር ሆኖ ተሸክሟት ሄደ። አማቷ ቀኗ ነው ይሉ ነበር፤ ሌሎቹም ቀኗ ነው አሉ።

እኔ ወደ መስኮቴ ተመለስኩ። የቀሩትን መዘገብኩ። ምሳዬን በላሁ። እንጀራው ምን ወጥ እንደነበረው አላስታውስም፤ መብላቴን ግን አስታውሳለሁ።

ከሰዓት በኋላ በሽተኛ ሲያልቅ፣ ያቺ የአንኮበሯ ልጅ እሷ እንደሆነች ለማወቅ የመጀመሪያውን ሳጥን አወረድኩ። የአባቷ ስም ጠዋት የጻፍኩት ካርድ ላይ አለ፤ አባት አይለወጥም። ሳጥኖቹ ግን በአባት ስም አልተደረደሩም። ስለዚህ ከሀ ጀምሬ እያንዳንዱን ካርድ እየገለጥኩ የአባትን ስም ማየት ነበረብኝ። በዚያ ቀን አልጨረስኩም። በማግስቱ በስድስተኛው ሳጥን ውስጥ አገኘሁት። ስሟና አጥቢያዋ በእኔ ጽሕፈት ተጽፏል። ከሥሩ የቀድሞው ሐኪም በቀይ ቀለም "ፔኒሲሊን ተወግታ ለሞት ደርሳ ነበር፤ ዳግመኛ እንዳይሰጣት" ብለው ጽፈዋል። ካርዱ ንጹሕ ነው። አንድም ጥግ አልታጠፈም።

ካርዱን ማንም አይፈልገውም ነበር። ምድጃው ቅርብ ነው። ይህንንም አስቤአለሁ፤ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ሆኖም ለሐኪሙ ወስጄ ሰጠኋቸው። ከአዲሱ ካርድ ጎን አኖሩትና ረጅም ጊዜ አዩት።

"ይቺ ያችው ናት?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ታውቂያት ነበር?"

"የማውቃት መስሎኝ ነበር።"

"እና ለምን አልጠየቅሽም?"

"አፈርኩ" አልኩ።

ይሰድቡኛል ብዬ ቆምኩ። አልሰደቡኝም። "እኔም እሷን መጠየቅ ሲገባኝ አማቷን ጠየቅኩ" አሉ። ለበላይ ሲጽፉ ሁለቱንም ካርዶች አያይዘው ላኩ፤ የእኔንም የእሳቸውንም ጥፋት ጽፈዋል። ከበላይ መጥተው ጠየቁን፤ ሁለታችንም በሥራችን ላይ ቆየን።

ከዚያ ሥራውን ለወጥነው። ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ካርድ ቁጥር እንስጠው አሉ። ካርዶቹን ከፊደል ተራ አውጥተን በቁጥር ተራ አቆምናቸው። ስሙ የተጻፈው ለብቻው በትልቅ ደብተር ነው፤ ከስሙ ትይዩ የካርዱ ቁጥር አለ። የአባት ቤት ስምም፣ የባል ቤት ስምም፣ የክርስትና ስምም ያለው ሰው በደብተሩ ሦስት ቦታ ይጻፋል፤ ሦስቱም ስሞች ግን ወደ አንድ ቁጥር፣ ወደ አንድ ካርድ ይወስዳሉ። በአባት ስም የተደረደረ ሌላ ደብተርም አበጀን፤ ሳጥን ሙሉ መገልበጥ ቀረ። የመድኃኒቱ ነገር ከካርዱ በቀር የትም እንዳይጻፍ፣ ሳጥኑንም ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካ ተባለ፤ ቀደም ሲል ዘበኛው ሳይቀር እያወጣ ያለቦታው ይመልስ ነበር። ለምን ቁጥር እንደሚሻል ስጠይቃቸው ሐኪሙ ከጽሑፋቸው ቀና ሳይሉ "ቁጥር ባል አያገባም" አሉኝ። ቀልድ ይሁን አይሁን አላወቅኩም።

ቁጥር እየሰጠን ሳለን የሟቿ እናት መጡ። ከአንኮበር በኩል በእግራቸው ነው የመጡት። በመስኮቱ ቆመው ልጃቸው በዚህ ስም ተጽፋ እንደነበር ጠየቁኝ፤ የተናገሩት የመጀመሪያውን ስም ነው። ያ መርፌ እንደማይስማማት እዚሁ ቤት የተነገራቸው ስለነበር፣ እንዴት ደገሙባት ብለው ነበር የመጡት።

"ተጽፎ ነበር እማማ" አልኳቸው። "በሌላ ስም ስትመጣ ሳላገኘው ቀረሁ። ፊቷን የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ አልጠየቅኳትም።"

ያልኩት ሁሉ ተሰምቷቸዋል፤ ድምፄ ወጥቶ ነበር። መስኮቱን በእጃቸው እንደያዙ ቆዩ።

"እኔ ያወጣሁላት ስም እዚህ ቀርቶ ነበር በይኛ" አሉ።

ውኃ ሰጠኋቸው፤ ጠጥተው ሄዱ። አላለቀስኩም። እሳቸውም እኔ ፊት አላለቀሱም።

ከዚያ ወዲህ የመጣችውን ያገባች ሴት ሁሉ የአባትሽ ቤት ስም ማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ አማቾች አይወዱትም። በቅርቡ አንዲት ከሰላ ድንጋይ የመጡ ሴትዮ፣ ምራታቸው ከኋላቸው ተከናንባ እንደቆመች፣ ያ ስም ቀርቷል አሉኝ።

"ለእርስዎ ይቅር፣ እትዬ" አልኳቸው። "ለእኔ እሷ ትንገረኝ።"

"ምን ያለችው ደረቅ ናት!" አሉ ወደ ሰልፉ ዞረው። በዚህ ጊዜ ግን ማንም አልሳቀም። እኔም ብዕሬን ይዤ ጠበቅኩ። ፊቴ እንደ ድሮው ይግል ነበር፤ ቢሆንም አልተንቀሳቀስኩም። ልጅቱ አማቷን አየች፤ እሳቸው ፊታቸውን አዞሩ። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ የአባቷን ቤት ስም ነገረችኝ። ስሙን በደብተሩ ፈልጌ አገኘሁት፤ የባሏን ቤት ስምም ጽፌ ከትይዩው ያንኑ ቁጥር አኖርኩ። ሳጥኑን ስስበው በዚያ ቁጥር፣ ሳታገባ የተጻፈ ካርድ ነበራት።