ዓሣዋ የወጣችበት ወረቀት

ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.። ወረቀቱ ላይ ቀኑ ተሞልቷል፤ የወሳጁ ስምና ፊርማም ተሞልቷል። «የሚመለስበት ቀን» ከሚለው ፊት ለፊት ግን እስክሪብቶው አንዲት ነጥብ ብቻ አሳርፎ ተነሥቷል።

አጸደ ይህን ወረቀት ያገኘችው ከሦስት ወር በኋላ፣ ላንቻ ባለው ቤቷ መሳቢያዋን ስትከፍት ነው። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራች ሰው ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የተማረችውም የሰነድ አያያዝ ነው። ያልተሞላ ቦታ ያለበት ወረቀት ሲደርሳት ለባለቤቱ ትመልሳለች። የዚህኛው ባለቤት ግን ታናሽ ወንድሟ ፀሃዬ ነበር፤ እሱም ከሞተ ሦስት ወሩ።

ፀሃዬ ካዛንቺስ ተወልዶ ጸጉሩም እዚያው የሸበተ፣ የፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኝ ነበር። የየቢሮው ጸሐፊዎች «ወረቀት በላብን» ብለው ይደውሉለታል፤ እሱም ጥቁር ቦርሳውን አንግቶ ይሄዳል። ማሽኑን ከመፍታቱ በፊት ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጠዋል። የእጁ ጥቁር ቀለም በሳሙና አይለቅም ነበርና ሠርግ ሲጠራ እጁን ኪሱ ከትቶ ነበር የሚቀመጠው። አላገባም። ሰፈሩ ሊነሣ ሲል ሦስት ካርቶንና አንድ አልጋ ይዞ እህቱ ዘንድ ገባ።

ጨዋታውን ያስተማረችው ሪሐና ናት፤ ኦሎምፒያ ካለው የአባቷ ማተሚያ ቤት የምትሠራ፣ ማሽኗ በተበላሸ ቁጥር የምትጠራው ልጅ። ሰዎች በየከተማው ትንንሽ ሣጥን ይደብቃሉ፤ ሌሎች በስልካቸው ካርታ ተመርተው ያገኙትና ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስማቸውን ጽፈው ወደነበረበት ይመልሱታል። አንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ቁጥር የተቀረጸበት ብረት የተንጠለጠለበት ዕቃ አለ። ፀሃዬ «ተጓዥ» ይለው ነበር። ተጓዥ ሰው እየተቀባበለው ከሣጥን ሣጥን፣ ከአገር አገር ይዞራል፤ ባለቤቱም የት እንደደረሰ ኢንተርኔት ላይ ይከታተላል።

ፀሃዬ የመጀመሪያ ተጓዡን ያገኘው በመስከረም፣ ካዛንቺስ ሊፈርስ ቀን የተቆረጠለት የግንብ አጥር ሥር ነው። አውራ ጣት የምታህል የእንጨት ዓሣ ነበረች። የላኳት ኖርዌይ ያሉ አንዲት እናት ናቸው፤ የቀረጻት የሞተው ልጃቸው። የዓሣዋ የኢንተርኔት ገጽ ላይ የጻፉት አጭር ነው፦ «አንድ ቦታ አታቆዩልኝ። እሱ መቀመጥ አይወድም ነበር።»

በደስታው ብዛት ፎቶ አንሥቶ ገጿ ላይ ለጠፈው። ሪሐና ወዲያው ደወለች።

«ጋሼ ፀሃዬ፣ ቁጥሩ ይታያል እኮ!»

«እንዲታይ ነው እንጂ። እህቴ ቁጥር የሌለው ሰነድ ሰነድ አይደለም ትላለች።»

«እሱ ለእትዬ አጸደ ቢሮ ነው። እዚህ፣ ማለቴ፣ ቁጥሩን ያየ ሁሉ እጄ ገብታለች ብሎ መጻፍ ይችላል። አንዱ ቶኪዮ ቁጭ ብሎ ይወስዳታል፤ እናትየዋ በቃ፣ የቱን ይመኑ? ቁጥሩ ላይ አውራ ጣትዎን አድርገው ነው የሚያነሡት።»

«የኔ አውራ ጣት ዓሣዋንም ታጠቁራለች።»

ፎቶውን በዚያው ሰዓት አጠፋው። ከዚያ ወዲያ ሪሐና የነገረችውን ሁሉ የሥራ ደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ጻፈ፦ የምታደርስበት ከሌለህ አትውሰድ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ እጅህ ላይ አታቆይ፤ ስታነሣም ስታስቀምጥም መዝግብ። «ሁለት ሳምንት» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ሁለት ሳምንቱ ሳይሞላ ልቡን አመመውና ሆስፒታል ተኛ። አጸደ ጃኬቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ዓሣዋን አገኘች። ምን እንደሆነች አላወቀችም፤ ቁጥር እንዳላት ግን አየች። ቁጥር ያለው ነገር ደግሞ ኪስ ውስጥ አይጣልም። ፖስታ ውስጥ ከታ፣ ፖስታው ላይ ቁጥሩን ጽፋ፣ ከወንድሟ መታወቂያና የሕክምና ወረቀት ጋር መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው።

እሱ ከሆስፒታል ወጥቶ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ሲገለብጥ ሰነበተ። የልጅ ጨዋታ ሊመስላት ስለሚችል አፍሮ አልጠየቃትም። በመጨረሻ ጠየቀ።

«እትዬ፣ የእንጨት ዓሣ አይተሻል?»

«ማኅደርህ ውስጥ ናት።»

ፀሃዬ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። «አሥር ቀን ሙሉ ስፈልጋት።»

«ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? እዚያ ምንም አትሆንም።»

«እሱ ነው ችግሩ። ምንም እንዳትሆን አይደለም የተላከችው» አለና የእናትየዋን ነገር ነገራት።

«ስትድን ትወስዳታለህ። አሁን አትውጣ ተብለሃል።»

«ዛሬ ብወስዳትስ?»

«ያለ መውጫ ወረቀት ከኔ መሳቢያ የወጣ ነገር የለም» አለች። ግማሹ ቀልድ ነበር። ባዶዎቹ ወረቀቶች የት እንደሚቀመጡ ሁለቱም ያውቃሉ።

ጥቅምት 28 ጠዋት፣ ቁርስ ሳይቀርብ፣ ልቡ ቆመ።

ከአርባው በኋላ አጸደ ንብረቱን መዘገበች፤ አርባ አንድ ዕቃ። መሳቢያውን አልነካችም። በጥር መጨረሻ ግን ሪሐና ስልኳን ይዛ መጣች። እናትየዋ ጽፈዋል፦ «ዓሣዬ ከመስከረም ጀምሮ አልተንቀሳቀሰችም። ጠፍታ ከሆነ ይንገሩኝ፤ አልቀየምም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ጠፋች ብዬ ልጻፍ እንዴ፣ እትዬ?»

«ጠፋች አትበይ። እኔ ጋ ናት። ያቆየኋት እኔ ነኝ፤ እሱንም ጻፊ።»

መሳቢያውን ከፈተች። ፖስታው ባዶ ነበር። ከሥሩ የመውጫው ወረቀት፦ አንድ ተጓዥ፣ ምክንያት «ጉዞ»፣ መድረሻ «ደምበል፣ ከአጥሩ ቧንቧ ጀርባ ያለው ሣጥን»።

ከላንቻ ደምበል። በእግሩ ይሁን በታክሲ ወረቀቱ አይልም። መድረሱንም አይልም። አጸደ የጃኬቱን ኪስ እንደገና ፈተሸች፤ የሱሪውን፣ የቦርሳውን። ዓሣዋ መንገድ ላይ ወድቃ ከሆነ፣ ለኖርዌይዋ እናት የሚጻፈው አጸደ መሳቢያ ውስጥ ማቆየቷ ብቻ ነው።

ቅዳሜ አብረው ሄዱ። ሪሐና ተንበርክካ ከቧንቧው ጀርባ ትንሽ ቆርቆሮ አወጣችና ሳትከፍት ለአጸደ ሰጠቻት። ክዳኑ ጠንክሮ አስቸገረ። ዓሣዋ ውስጡ ነበረች፤ ጅራቷ ላይ የጥቁር ቀለም አሻራ አለ።

አጸደ ቁጥሩን በአውራ ጣቷ ሸፍና ፎቶ አነሣቻት። ይዛት ልትሄድ አሰበችና ተወችው፤ የምታደርስበት አልነበራትም። ሪሐና በፀሃዬ ስም፣ መውጫ ወረቀቱ ላይ በሞላው ቀን መዘገበችለት፤ ለእናትየዋም ዓሣዋ ደምበል መሆኗን፣ ያደረሳትም ሰው በማግስቱ መሞቱን ጻፈችላቸው።

ከዚያ የሣጥኑን ወረቀት ዘረጉ። የመጨረሻው መስመር የእሱ ነው፦ «27/2/17፣ 9:40። ዓሣዋን አስቀመጥኩ። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፣ ነገ እመዘግባለሁ። አሁን ለእህቴ ዳቦ ልገዛ። ፀሃዬ።»

«ገዝቶ ነበር?» አለች ሪሐና፣ ዝቅ ብላ።

አጸደ ያን ቀን ከሥራ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ ፌስታል ነበር። አትውጣ ተብለህ ብላ ተቆጥታው፣ ሱቁ ቅርብ ነው ብሏት ነበር።

«ገዝቶ ነበር» አለች። «አራት።»