እግሬ ቀድሞኝ የሄደ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ደም ግፊቴን ልለካ ሰፈራችን ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። የለካችኝ ነርስ ልጅ እግር ናት። ጨርቁን ክንዴ ላይ ጠቅልላ ከነፋችው በኋላ ቁጥሩን አየችና «ማዘር፣ ሮጠው ነው እንዴ የመጡት?» አለችኝ። ማዘር መባሉን ገና አልለመድኩትም። ዋጥ አድርጌው «ኧረ በታክሲ ነው» አልኳት። አሥር ደቂቃ አስቀምጣ ድጋሚ ስትለካኝ ቁጥሩ ወረደ። «ሰውነትዎ እኔን ፈርቶ ነው» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወረፋው ረጅም መሆኑን እንደረሳች ሁሉ ታስረዳኝ ጀመር። ሰው ሲደነግጥ አካሉ ባለቤቱን ሳያማክር ለመደባደብ ወይ ለመሸሽ ይሰናዳል አለች። ልብ ይፈጥናል፤ ደሙ ሆድን ትቶ ወደ እግርና ወደ ክንድ ይሄዳል፤ አፍ ይደርቃል፤ ዓይን ከፊቱ ካለው ነገር በቀር አያይም። «ማሰብ ከኋላ ነው የሚደርሰው» አለች ጨርቁን እያጣጠፈች።

የሚቀጥለውን ሰው ስትጠራ እኔ ከወንበሩ አልተነሳሁም። ማሰብ ከኋላ እንደሚደርስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል ካወቅሁ። እኔ ጋ የደረሰው መርካቶ ውስጥ፣ ጎጃም በረንዳ ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ በርበሬ በረንዳ በአክስቴ በዘርፌ ሱቅ እሠራ ነበር። ገበያው እትዬ ዘርፌ ይላታል፤ እኔ እቴቴ እላታለሁ። ከቡታጅራ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ አምጥታ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እናት ብዬ የማውቀው እሷን ነው። አስም ነበረባት። አስም ያለበት ሰው በርበሬ ነጋዴ መሆኑ ሰሚውን ይገርመዋል፤ ሐኪሟም በሄደች ቁጥር ይቆጣታል። እሷ ግን «ዶክተር፣ በርበሬው ለምዶኛል፤ እኔን የሚያስለኝ የእርስዎ ሆስፒታል ሽታ ነው» ትለው ነበር። እውነቱን ለመናገር ጥንቃቄም ነበራት። ዛላውን እየመረጠች የምትገዛው እሷ ናት፤ የተፈጨውን ግን አትነካም። እሱን የምመዝነው እኔ ነኝ።

መርካቶ የራሱ ሕግ አለው። ሰው ሲሮጥ ከታየ መጀመሪያ በር ይዘጋል፤ ምን መጣ ተብሎ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ልጠይቅ ብሎ የቆመ ነጋዴ መልሱን ሲያገኝ ዕቃውን አያገኘውም። እቴቴም ሱቅ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ይህንኑ አስጠናችኝ። «ዝጊ፣ ቆልፊ፣ ከዚያ ጠይቂ። ከውስጥ ከሆንሽ በመወርወሪያው፣ ከውጭ ከሆንሽ በጓጉንቸሩ።»

ዕለቱ የመስቀል ሰሞን ነበር። ዝናቡ ሊወጣ ሲል የሚጥለውን እየጣለ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። አገሬው ሁሉ ለበዓል ወደ ቤተሰቡ ሊሄድ ነውና በርበሬው፣ ኮሮሪማው፣ ቅቤው ይሸመታል፤ በየደጁ የበቆሎ እሸት ይጠበሳል። ምሳ ሰዓት ላይ እቴቴ ከጆንያዎቹ ጀርባ ተቀምጣ ቆጮ በጎመን ትበላለች። «ሙሉ፣ ነይ እንጂ ሳይቀዘቅዝ» ስትለኝ ሰማኋት። እኔ አንዱን ደንበኛ ሸኝቼ ደጁ ላይ ቆሜ ነበር።

ከመኪና የተፈጨ በርበሬ የሚያወርድ ተሸካሚ ከእኛ ሱቅ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ጭቃው አዳለጠው። ጆንያው ከጀርባው ወርዶ ፈነዳ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው። ቀዩ ብናኝ ተነሳ፤ በአጠገቡ የነበሩት እየሳሉ፣ ዓይናቸውን በነጠላና በኮታቸው እየሸፈኑ ተበታተኑ። ከወዲያ ጫፍ ያሉት ግን ጆንያውን አላዩም። ያዩት እያለቀሰ የሚሮጥ ሰው ነው። ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ ግርግር አይጠፋም ነበርና አንዱ «አስለቃሽ ጭስ!» ብሎ ጮኸ። ሌላ ምን ያስፈልጋል? በሮቹ ከዳር እስከ ዳር ይንጓጉ ጀመር።

እኔ በርበሬ ሻጭ ነኝ። ሽታውን ከእንቅልፌ ብቀሰቀስ እለየዋለሁ። ጆንያው ሲወድቅም በተሸካሚው ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ያ ጩኸትና የበሮቹ ድምፅ ሲመጣ ምን እንደወሰንኩ አላውቅም። እንደወሰንኩም አላስታውስም። እጄ በሩን ሳበው፤ ማታ ማታ እንደለመደው ጓጉንቸሩን ቀርቅሮ ቆለፈው፤ እግሬ ሄደ።

አንድ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ ሰው ከፊቴ ይሮጥ ነበር። ከሩጫው የማስታውሰው የእሱን ጀርባ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ሰው እየጮኸ ጆሮዬ የሚሰማው የራሴን ልብ ነው። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል። አንድ ጫማዬ ወልቆ ቀርቷል፤ መቼ እንደወለቀ አላወቅሁም። ጎጃም በረንዳ ስደርስ እዚያ አገር አማን ነው። ሰዎች ጋሪ ላይ ዕቃ ይጭናሉ። አንዱ ባለጋሪ እሸቱን እየጋጠ አየኝና «እቱ፣ ምን መጣ?» አለኝ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት እጄም ተከፈተ። መዳፌ ላይ የሱቁ ቁልፍ አለ። ጨምድጄው ስለነበር ጥርሱ ሥጋዬ ላይ ታትሟል።

እቴቴ!

ማሰብ የሚባለው ነገር የደረሰልኝ ያኔ ነው። አስም ያለባትን ሴት በጭሱ መሃል ቆልፌባት ሄጃለሁ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ያን ዕለት ለእናቴም አልሆንኩ።

ስመለስ ሰዉ አሁንም ወደ እኔ ይሮጣል። በትከሻ ይገጩኛል፣ «ወዴት ነው የምትሄጂው፣ አብደሻል?» ይሉኛል። ስሸሽ ያልተንቀጠቀጥኩትን ስመለስ ተንቀጠቀጥኩ። ሱቁ ጋ ስደርስ ጎረቤታችን ኮሮሪማ ነጋዴው ጋሼ ከድር በራችን ሥር ተንበርክከዋል። ፎጣቸውን ውሃ ነክረው በበሩ ሥር ወደ ውስጥ አሾልከውላታል። «አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚበት ዘርፌ። ወደ መሬት ዝቅ በይ። ቀስ እያልሽ ተንፍሺ፣ አብሽሪ» ይሏታል። ከውስጥ የሚመጣው ሳል ነው፤ ከሳሉ መሃል ደግሞ ፉጨት የመሰለ ትንፋሽ። ጋሼ ከድር ቀና ብለው እኔን አዩ፣ ቁልፉን አዩ። ቁልፉ ከቀዳዳው አልገናኝ ሲለኝ እጄን ከነቁልፉ ያዙና አብረን አዞርነው።

እቴቴ ከንፈሯ ጠቁሮ ወጣች። ደጁ ላይ አስደግፌያት፣ በጨለማው ፈልጋ ያጣችውን የሚነፋ መድኃኒቷን ከቦርሳዋ አውጥቼ ሰጥቻት፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዳትሞትብኝ። መናገር ስትችል መጀመሪያ ያለችው «ጎሽ የኔ ልጅ» ነው። «ዝጊ ቆልፊ ያልኩሽን አልረሳሽም። ያ ሁሉ ሰው ቢገባብኝ ረግጦ ይገድለኝ ነበር።»

እኔ ዝም አልኩ። ጋሼ ከድር ፎጣቸውን ጨመቁና ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

ዝምታ አንዴ ከጀመሩት መውጫው ይጠፋል። እቴቴ ያን ወሬ በዚያው ሳምንት አገር ቤት ይዛው ወረደች። በመስቀሉ ክትፎ ላይ ሽማግሌዎቹ ተነስተው መረቁኝ፤ እኔም አሜን አልኩ። በሠርጌም ቀን ተነገረ። ልጆቼም ያደጉት «እናታችሁ እኮ ጀግና ናት» እየተባሉ ነው። ጋሼ ከድርን አንድ ቀን ብቻዬን ሳገኛቸው «ጋሼ፣ ለእሷ ንገሩልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። «የራስሽን ነገር ራስሽ ተናገሪ፣ ልጄ» አሉኝ። አላህ ይዘንላቸው፣ ለማንም ሳይናገሩ አለፉ።

ከጤና ጣቢያው ወጥቼ በቀጥታ ወደ እቴቴ ቤት ሄድኩ። ሰማንያን ተሻግራለች፤ ሱቁን ካስረከበች ቆይታለች። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ ዘረገፍኩት። ላድናት አስቤ እንዳልቆለፍኩ፣ ሸሽቼ እንደነበር፣ ነርሷ ስለ ልብና ስለ ደም ያለችውን ሁሉ፣ ጠበቃ ይዞ እንደመጣ ሰው እየደረደርኩ ነገርኳት።

ከምስሩ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። «በበሩ ቀዳዳ አይቼሻለሁ» አለች። «ጫማሽ ወልቆ ነበር።»

«ታዲያ ለምን... ሠላሳ ዓመት ሙሉ?»

«ቁልፉን ይዘሽ ስትመጪ ፊትሽን አየሁት። ይቺ ልጅ እኔ ብቆጣት ባልቆጣት ራሷን ልትበላ ነው አልኩ። እንዲያ ብል ይቀልላት ይሆናል ብዬ ነበር።» አንዲት ጠጠር አውጥታ ጣለች። «ከዚያ ደግሞ ወሬው ጣፈጠኝ።»

ሳቄና እንባዬ እኩል መጣ። ሊያቀልልኝ የተባለው ነገር ነው ሠላሳ ዓመት የከበደኝ፤ ይህን ልነግራት ብዬ ተውኩት። እሷም ሰፌዱን አንዴ ነቀነቀችና «ነርሷ እውነቷን ነው» አለች። «ስትሄጂ እግርሽ ነው የወሰደሽ። ስትመለሺስ፣ ማን ወሰደሽ?»

እኔ የማውቀው ስመለስ ልቤ እንደዚያው ይመታ እንደነበር፣ አስለቃሽ ጭሱም ያኔ ለእኔ እውነት እንደነበረ ነው። በስንት ሌሊት ያን መንገድ በሐሳቤ ሮጬበታለሁ፤ ሁልጊዜ ግን ከሱቁ እስከ ጎጃም በረንዳ ድረስ ብቻ። ከጎጃም በረንዳ እስከ ሱቁ ያለውን፣ በአንድ እግር ጫማ የመጣሁበትን፣ እሷ እስክትጠይቀኝ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።