ያላረፈ ዘይት

በትራንስፎርመር ጥገና ወርክሾፑ ውስጥ ሴትዮዋን በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እትዬ ጠብታ» ነው የሚሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንዲት ጠብታ ውሃ አንድ በርሜል ዘይት ገደል ትከታለች እያለች ሰውን ስታሰለች የወጣላት ስም ነው። ሥራዋ የትራንስፎርመር ዘይት መፈተሽ ነው። ጥግ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ እሷ ካልፈረመች አንድም ትራንስፎርመር ከግቢው አይወጣም። ሲሰሙት ትልቅ ነገር ይመስላል። እሷን ግን በዚያ ሰሞን እስክሪብቶ ማንሳቱ ራሱ ከብዷት ነበር።

ምን ሆነች? ባሏን ስትሮክ መቶት ከተኛ ሰባት ወሩ ነው። ቀኝ ጎኑ አይታዘዘውም፣ አፉም ትንሽ ተጣሟል። የመተኛት ብዛት ገላውን እንዳያቆስለው ሐኪሙ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፍራሽ አዘዘለት፤ አልጋው ሥር ያለችው ትንሽ ሞተር አየሩን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያደረገች ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ እንዳይውል ታደርጋለች። እሰየው ነበር። ምን ያደርጋል፣ የሰፈራቸው ትራንስፎርመር ዘይት ማፍሰስ ጀመረና ከምሰሶው ወረደ። መብራት ጠፋ፤ ፍራሹም ሟሸሸ። ትራንስፎርመሩ የት መጣ ቢሉ፣ እሷው ወርክሾፕ።

እንግዲህ ሰውዬውን በየሁለት ሰዓቱ በእጅ መገልበጥ ግድ ሆነ። ቀን ቀን የባሏ እህት ትገለብጠዋለች። እሷ ደግሞ የማታ ፈረቃ ፅዳት ስላላት ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን ዘግታ ትወጣለች። እትዬ ጠብታ እስክትደርስ በሽተኛው ለብቻው ነው። ሌሊቱን ሙሉ እየተነሳች ስትገለብጠው አድራ ጠዋት ሥራ ትገባለች፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ ዓይኗ ከግድግዳው ሰዓት ላይ አይነቀልም።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ከትራንስፎርመሩ የተቀዳውን ዘይት በመስታወት ኩባያ ትሞላለች። ኩባያው ውስጥ ሁለት የነሐስ ኳሶች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ብቻ ነው። ቁልፉን ስትጫን ቮልቱ ይወጣል፣ ይወጣል፤ ዘይቱ ደግሞ አላሳልፍም ብሎ ይቆማል። ሲቆም ግን ምንም አይሰማውም ማለት አይደለም። በየቅንጣቱ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሙላት በቮልቱ እየተሳበ ትንሽ ወደ ጎን ይለጠጣል፤ ይለጠጣል እንጂ ቅንጣቱን ጥሎ አይሄድም። ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነገር ሁሉ ጠባዩ ይኸው ነው፣ ችሎ መቆም። ጉልበቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ጠሽ! ብልጭታው ዘይቱን በጥሶ ያልፋል። ሠላሳ ሺህ ቮልት የቻለ ዘይት አልፏል፤ ከዚያ በታች የተበጠሰ ወድቋል።

የሰፈሯ ዘይት በመጀመሪያው ቀን ሃያ አንድ ሺህ ላይ ተበጠሰ። እርጥበት ገብቶበት ነው አለች፤ ተጣርቶ፣ በሙቀት ደርቆ መጣላት። በአራተኛው ቀን አሥራ ዘጠኝ። እንደገና ተጣራ። በሰባተኛው ቀን ሃያ ሁለት! ኧረ ይሄ ምን ጉድ ነው?

በዚያው በሰባተኛው ቀን ቤት ስትደርስ የባሏ እህት ሥራዋ እየረፈደባት ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«እህቴ፣ ዳሌው ላይ ቀይ ነገር አይቻለሁ። ይሄ መብራት መቼ ነው የሚመጣው? አንቺ እኮ እዚያው ነሽ!»

«እዚያው መሆኔ ምን ሊፈይድ? ዘይቱ እምቢ አለኝ እኮ» አለች እትዬ ጠብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደ አልጋው እየሮጠች። በማግስቱ ቀዩ ቦታ ተላጠ፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁስል ሆነ። ሰውዬው ስትነካው ጥርሱን ነከሰ፤ አንጀቷን የበላትም እሱ ነው።

በአሥረኛው ቀን ዘይቱ ለሦስተኛ ጊዜ ተጣርቶ መጣ። የወርክሾፑ ኃላፊ፣ በዕድሜ ልጇ የሚሆን ኢንጂነር፣ ጠርሙሱን ይዞ ራሱ ገባ።

«እትዬ፣ ዛሬም ከወደቀ መሣሪያው እንዲመረመር እልካለሁ፣ ትራንስፎርመሩንም ከፍተን ሆዱን እናያለን።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሁለት ሳምንት ቢያንስ።»

ክው አለች። ሁለት ሳምንት! ያቺ ቁስል በሁለት ሳምንት ውስጥ አጥንት ላይ ትደርሳለች። ኃላፊው ሲወጣ ኩባያውን ሞላች፣ ክዳኑን ዘጋች፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጣቷን ወደ ቁልፉ ዘረጋች። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ነገር የለም። እንቅልፍ ድርግም አድርጎ ወሰዳት።

ስትባንን ጉንጯ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሰዓቱን አየች፤ ሩብ ሰዓት ሄዷል። «ወይኔ ጉዴ!» ብላ ቁልፉን ተጫነች። ሃያ አለፈ። ሠላሳ አለፈ። አርባ፣ ሃምሳ... ዘይቱ ሃምሳ ሰባት ሺህ ላይ ተበጠሰ።

ደስ ሊላት ሲገባ ዓይኗ ተመልሶ ሰዓቱ ላይ ሄደ፤ ዘይቱ ሩብ ሰዓት አርፎ ነበር። ዘይት ሲቀዳ ለዓይን የማይታይ አረፋ ይይዛል። በአረፋው ውስጥ ያለው አየር ከዘይቱ ይልቅ አቅመ ደካማ ነው፤ የቮልቱ ጭነት ግን የሚበረታው በእሱ ላይ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚበጠሰው እሱ ነው። ለዚህ ነው ዘይቱ ከተቀዳ በኋላ አረፋው እስኪወጣ አሥር ደቂቃ ማረፍ ያለበት። ብልጭታው ራሱም አረፋ ይተዋል፤ በየፍተሻው መካከልም እንዲሁ መጠበቅ ነው። ይህን ለስንቱ አዲስ ሠራተኛ ያስተማረችው እሷ ናት! ፍራሹ ከሟሸሸበት ቀን ጀምሮ ግን ለመሄድ ስትጣደፍ ቀድታ ወዲያው ቁልፉን ትጫን ነበር፤ መዝለሏን እንኳ ልብ አላለችም።

የተፈተሸ ዘይት ሁሉ ለወር ያህል መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የአራተኛውን ቀን ጠርሙስ አውርዳ ቀዳች። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። እህትየው አሁን ቦርሳዋን እያነገተች ነው፤ እሱ ብቻውን ሊቀር ነው። እትዬ ጠብታ እጆቿን ጭኖቿ መካከል አስገብታ አሥሩን ደቂቃ ቁጭ ብላ ጠበቀች። እንደዚያ የረዘመ አሥር ደቂቃ በዕድሜዋ አላየችም። ከዚያ ተጫነች፤ ሃምሳ አራት ሺህ። ዘይቱ ካለፈ ስድስት ቀኑ ነው። ሰፈሩን ሁሉ ጨለማ ውስጥ ያስቀመጠችው እሷ ናት፤ ባሏ ገላ ላይ ቁስሉን ያወጣችውም እሷው።

ኃላፊው ብቅ ብሎ ቁጥሩን አየና እጁን አጨበጨበ። «አለፈ! እኔ አላልኩም? መሣሪያው ነው ሲያሾፍብን የከረመው። ሪፖርቱ ላይ የመሣሪያ ብልሽት ብለን እንጻፍና ይዘጋ።»

አንድ «እሺ» ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ዝም ብትልስ ማን ያውቅባታል?

«መሣሪያው ምንም አልሆነ» አለች። «እኔ ነኝ። ዘይቱን ሳላሳርፍ ነው የምፈትሸው የነበረው።»

«እርስዎ? እትዬ ጠብታ?»

«አዎ፣ እኔ።»

ኃላፊው ጭንቅላቱን አከከ፣ መሬት መሬት አየ። «እንግዲህ መጻፌ አይቀርም። ከነገ ጀምሮም ሌላ ሰው አብሮዎት ይፈርማል» አለ፤ ሲናገረው እሱም አፍሮ ነበር። እሷ ግን ራሷን ነቅንቃ ኮቷን አነሳች። የሃያ ሁለት ዓመት ስሟ በአንድ አረፍተ ነገር ሲሄድ ለማልቀስ እንኳ ጉልበት አልነበራትም።

በማግስቱ ከሰዓት ትራንስፎርመሩ ምሰሶው ላይ ተመለሰ፤ አመሻሽ ላይ መብራት መጣ። የአልጋው ሞተር ማንጎራጎር ጀመረች፣ ፍራሹ ቀስ እያለ ተነፋ። እትዬ ጠብታ ቁስሉን አጥባ በፋሻ ሸፈነችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው፤ አሥሩን ደቂቃ፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ጠርሙስ፣ ስድስቱን ቀን። «ወዳንተ ልሮጥ ብዬ እኔው አቆሰልኩህ» አለች።

ሰውዬው ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ። የተቆጣ መስሏት አንገቷን ደፋች። ከዚያ በግራ እጁ እጇን ፈልጎ ያዘና በዚያ በተጣመመ አፉ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተ፣

«ነገም... አሥሩን ደቂቃ... ጠብቂ» አላት። «እኔ እንደሆንኩ... የትም አልሄድ።»