ወደ ጣራ ገዳም የተጎተተው ቤታችን

ባለፈው ሳምንት ጋራዥ ውስጥ የመኪናዬን የፊት ጎማ ሲፈቱት አሮጌ ግራሶ ሸተተኝና፣ ሳላስበው እጄን በቀሚሴ ጫፍ ልጠርግ ጎንበስ አልኩ፤ እጄ ላይ ግን ምንም አልነበረም። በልጅነቴ እናቴ «ይታይሽ፣ ጨርቁ እዚያ ተሰቅሎልሽ በቀሚስሽ አትጥረጊ» እያለች ስትቆጣኝ የኖረችው በዚሁ በግራሶ ምክንያት ነበር። ሌላው ሰው ያደገበትን ቤት በወጥ ወይም በጭስ ሽታ ሲያስታውስ እኔ በጎማና በግራሶ የማስታውሰው፣ ሦስት ዓመት የኖርንበት ቤት ሁለት ጎማ ስለነበረው ነው።

አባቴ በደብረ ታቦር አካባቢ መንገድ ይሠራ በነበረ ድርጅት ውስጥ ሾፌር ነበር። ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ፣ እኛ የምንኖርበት የካምፕ ቤትም ከካምፑ ጋር ፈረሰና፣ ለአባቴ በአገልግሎቱ ፋንታ አንድ አሮጌ ላንድሮቨርና መሐንዲሱ ያድርበት የነበረ ተጎታች ቤት ተሰጠው። ከውጭ በቆርቆሮ የተለበጠ፣ ውስጡ አልጋ፣ ጠረጴዛና ቁም ሳጥን ያለው፣ ከመኪና ኋላ ታስሮ የሚሄድ አንድ ክፍል ነበር። አባቴ በተከራየው ባዶ ቦታ ላይ አምጥቶ ሲያቆመው ሰፈሩ ወጥቶ ሳቀ። አንዲት ጎረቤት እናቴን «እናንተ ስትሄዱ እሳት ልንጫር የምንመጣው ወዴት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቤቱን ዞራ አየችውና «ገበያተኛ ወደ እኔ እስኪመጣ ከምጠብቅ፣ እኔው ወደ ገበያው እሄዳለሁ» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ ያለቀለት ሆነ።

የመጀመሪያው ክረምት ግን የትምህርት ጊዜ ነበር፤ የደብረ ታቦር ሐምሌ ደግሞ ለስላሳ መምህር አይደለም። ጣራው በሦስት ቦታ አፈሰሰብንና አባቴ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር መሰላል አቁሞ፣ የቆርቆሮውን መጋጠሚያ በጣቱ እየዳሰሰ ሬንጅ ይቀባ ነበር። መጀመሪያ በታኮ፣ ከሥሩ በሚገባ የእንጨት ቁራጭ፣ ጎማውን ደግፎ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ከመኪናው መፍታት እንደሚገባም የተማርነው በዚያው ሰሞን ነው፤ አባቴ ቅደም ተከተሉን አዛብቶ ቤታችን ቀስ እያለ ተንሸራትቶ የጎረቤት ድንች ውስጥ ገብቶ ቆመ። እናቴ ድንቹን መልሳ ተከለች፣ እያጎነበሰችም ይቅርታ ጠየቀች፤ ማታውን አልጋው ወደ እግር በኩል እንዳዘነበለ ተኝተን አደርን። በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ ውሃ ሞልታ አስቀመጠችና፣ ውሃው ቀጥ እስኪል ድረስ አባቴን በክሪክ ቤቱን አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ ስታስነሣው ዋለች።

ዝናቡ ሲያቆም፣ በጥቅምት፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው ሜዳ ላይ ወደ ኋላ መንዳት መለማመድ ተጀመረ። አባቴ ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ነበር፤ ተጎታች ግን ወደ ግራ ስትለው ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ሲቆጡት ደግሞ ይታጠፋል። አርሶ አደሮቹ አጨዳቸውን አቁመው ያዩት ስለነበር አንገቱ ላብ በላብ ይሆን ነበር። እናቴ በሦስተኛው ቀን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታጤነው ቆየችና ወደ መስኮቱ ሄዳ፣ «መሪውን ከላይ ሳይሆን ከታች ያዘው፤ የቤቱ ኋላ እንዲሄድ ወደምትፈልግበት እጅህን ውሰድ» አለችው። እርሱም ትንሽ ተከፍቶ ያለችውን አደረገ፤ ቤቱም በሁለት ግንድ መካከል ሰተት ብሎ ገባ።

እኔ ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ደብተሮቼ አንዱን አባቴ ለቤቱ አደረገው። ከመንቀሳቀሳችን በፊት የሚታየውን ሁሉ በተራ አስጻፈኝ፦ የጎማው ነፋስ፣ ጎማውን የሚያስሩት ዳዶዎች፣ የኋላ መብራት፣ መስኮት፣ የቁም ሳጥኑ ማሰሪያ፣ ከሥር ተሻግረው የሚታሰሩት ሁለት ሰንሰለቶች፣ በመጨረሻም ስፒናው፣ ማለትም ተጎታቹን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ብረት። እኔ እየዞርኩ በእጄ እየነካሁ ጮክ ብዬ አነብ ነበር። አባቴም «የሰማሽውን ሳይሆን ያየሽውን ምልክት አድርጊ» ይለኝ ነበር። ወደ አንበሳሜ ገበያ በሄድንበት የመጀመሪያው ጉዞ እናቴ የስፌት መኪናዋን ከኋላ ጫፍ አስቀምጣው ስለነበር ቤቱ እንደ ውሻ ጭራ መኪናውን ሲወዘውዘው ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ከባዱ ዕቃ ሁሉ ወደ ወለሉ ወርዶ ከጎማዎቹ ትንሽ ፊት ይታሰር ጀመር። መንገድ ላይ በቆምን ቁጥርም የእጄን ጀርባ ወደ ጎማው መሐል አስጠጋለሁ፤ ካቃጠለኝ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ግራሶ ጠምቶታል ማለት ነበርና እዚያው ይፈታል። እንደዚህ እያልን የገበያ ቀን እየተከተልን የልጆች ዩኒፎርም፣ የካህናት ቀሚስ፣ የሙሽራ ልብስ ስንሰፋ ያ በጋ እኩሌታው አለፈ።

እማሆይ የአባቴ እናት ናቸው፤ ከመነኮሱ ጀምሮ በደብረ ታቦር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይኖሩ ነበር። አባቴ በወታደርነት ተወስዶ ሳለ «ልጄን በሕይወት ካሳየኸኝ ጣራ ገዳም ወጥቼ እሳለማለሁ» ብለው ተስለው፣ እርሱ ከተመለሰ በኋላ አንድ ጊዜ መንገዱ፣ አንድ ጊዜ ጉልበታቸው እያስቀራቸው ዓመታት አለፉ። የገዳሙ ክብረ በዓል ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቴ «ዘንድሮ በቤታችን እናደርስዎታለን» አለቻቸው። ከደብረ ታቦር ቁልቁል ወደ ፎገራ ሜዳ ወርደን፣ በወረታ ወደ አዲስ ዘመን ታጥፈን፣ ከገዳሙ ተራራ ሥር እንድናቆም ተወሰነ።

በጉዟችን ዋዜማ እኔ የታጠበ ልብስ ለማስጣት ችካል መምታት ፈልጌ መዶሻው ሲርቅብኝ፣ ስፒናውን አንሥቼ በእርሱ መታሁት። ከዚያ ሣሩ ውስጥ ጣልኩት። ሲመሽ ትዝ ብሎኝ ብፈልገው አጣሁት፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ጠዋት አባቴ ስፒናውን ሲያጣ ኪሱን ሁሉ ፈተሸ፣ የዕቃ ሳጥኑን ገለበጠ፣ «የት አባቴ አደረግሁት» እያለ ራሱን ረገመ። ፀሐይዋ እየወጣች ስለነበር ከአንድ የተረፈ ፌሮ ላይ ቁራጭ ቆርጦ በቀዳዳው አሳለፈና ጫፉን ቆለመመው። «እስከ ወረታ ያደርሰናል፤ እዚያ ሌላ አይጠፋም» አለ። ደብተሬን ይዤ ዞርኩ። ስፒና የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ቀነሰና ምልክቱን ሳላደርግ ደብተሩን ዘጋሁት።

በዚህ መካከል እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ላንድሮቨሩ ጉልበታቸውን እንደሚንጠው ያውቃሉና ተጎታቹ ውስጥ ያለውን አልጋ አይተው «እኔ እዚህ ጋደም ብዬ እሄዳለሁ» አሉ። ቤቱ ሲሄድ ማንም ውስጡ እንዳይቀመጥ የከለከለው አባቴ ራሱ ነበር፤ እናቱን ግን እንዴት እንቢ ይበል፤ «ይሁን እማሆይ፣ ቀስ ብዬ እነዳለሁ» አለ።

ሮጬ የተጎታቹ በር ላይ ቆምኩ።

«እማሆይ፣ እዚህ አይገቡም» አልኩ።

እማሆይ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ። «ምን አለች ይህች ልጅ?»

አባቴ «ይታይሽ፣ ዞር በይ» አለኝ፤ ድምፁን ሳያነሣ ነበር፣ እርሱም የበለጠ ያስፈራ ነበር። የበሩን ሁለት ጠርዝ ያዝኩ።

«አልለቅም። ስፒናውን የጣልኩት እኔ ነኝ። ትናንት ችካል መታሁበትና ሣር ውስጥ ጠፋብኝ። ፌሮው አይችልም፤ አባዬ ራሱ አይችልም ብሎኝ ያውቃል።»

ማንም አልመታኝም። አባቴ ሣሩን እየገላለጠ ፈልጎ ስፒናውን ሲያጣው እናቴ የእጅ ቦርሳዋን አስቀምጣ መጣችና ፌሮውን ጎንበስ ብላ አየችው፣ ከዚያም እኔን አየችኝ። «እማሆይ ከፊት ይቀመጣሉ» አለች። «ጋቢውን አራት አጥፌ አነጥፍልዎታለሁ። ይህ ካልሆነ ጉዞው ይቀራል።» እማሆይ ከፊት ወጥተው ተቀመጡና፣ እኔ አጠገባቸው ሆኜ ሳለ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ቁልቁለቱን ስንጀምርም አንድ ቃል አልተናገሩኝም።

ዓለም በር ሳንደርስ፣ መንገዱ ከገደሉ ጋር እየተጠጋ በሚወርድበት ቦታ፣ ከኋላችን እንደ ጅራፍ የጮኸ ነገር ሰማን። ፌሮው ተበጠሰ። ተጎታቹ አፍንጫውን ጠጠሩ ላይ ሊተክል ሲወርድ ከሥር ተሻግረው የታሰሩት ሰንሰለቶች እንደ እቅፍ ያዙት። አባቴ ፍሬን ቢረግጥ ያ ሁሉ ክብደት ከኋላ እንደሚመታን ያውቅ ነበርና፣ ማርሽ እየቀነሰ ወደ ተራራው ጥግ ቀስ እያለ አስጠጋው፤ ቤታችን አንድ ጎማው ቦዩ ውስጥ ገብቶ፣ ተንጋዶ ቆመ።

በሩን ስንከፍት የስፌት መኪናው ገመዱን በጥሶ፣ ወለሉን ፍቆ፣ የአልጋውን ጠርዝ ሰብሮ፣ የብረት ጭንቅላቱን ትራሱ ላይ አጋድሞ ነበር። እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ውስጥ ረጅም ጊዜ አዩ። አማተቡ። ከዚያ ተመልሰው በመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

አባቴም ከጎማው ሥር ተቀመጠና «እናቴን ልገድላት ነበር» አለ።

«አልገደልክም» አለችው እናቴ። «ተነሣና ታኮውን አምጣ።»

ታኮውን እየደገፈ ሳለ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ስፒናውን ጣልሽ። እኔ ግን እያወቅሁ በፌሮ ተካሁት። የእኔ ይብሳል» አለኝ። ከዚያ በፊት ትልቅ ሰው ለልጅ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ጩኸቱን ሰምተው አያ ፈንቴ የሚባሉ ገበሬ በሬዎቻቸውን እየነዱ ከማሳቸው ወጡ። ቤቱን ዞረው አዩትና «እኔ ስንት ዘመን ጎጆዬን ለነፋስ አልለቅ ብዬ ስይዝ፣ እናንተ አስራችሁ ትጎትቱታላችሁ?» አሉ፤ ከዚያ ሳይጠየቁ ቀንበሩን በሰንሰለት አያያዙና በሬዎቹ ተጎታቹን ከቦዩ አወጡት። አባቴ ወደ ወረታ በሚወርድ የጭነት መኪና ተሳፍሮ ስፒና ፍለጋ ሄደ። እናቴ የስፌት መኪናዋን አውጥታ፣ የወጣውን ጠፍር መልሳ፣ የተጣመመውን መዘውር በመዶሻ እያቃናች ሞከረችው፤ ሠራ። በዚያው መንገድ ዳር ለአያ ፈንቴ ልጆች ሁለት ሸሚዝ ሰፋችላቸው፤ ሚስታቸውም እንደ እህት ተቀብለው አሳደሩን።

አባቴ የተመለሰው በማግስቱ ከቀትር በኋላ፣ አንድ ሳይሆን ሁለት ስፒና ይዞ ነበር። በዓሉ በዚያው ቀን ተከብሮ አለፈ። አያ ፈንቴ «እንግዲህ ለከርሞ ያድርስዎ እማሆይ፤ ንግሡ አልፏል» ሲሏቸው፣ እማሆይ «ንግሡ አልፏል፤ ስለቴ ግን የት ሄደ?» ብለው ተነሡ።

ጣራ ገዳም የደረስነው ሰዉ ሁሉ ሲወርድ ነው። ቤቱን ከሥር አቁመን፣ በታኮ ደግፈን፣ ዳገቱን በእግር ጀመርን። ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ እማሆይ ሃያ እርምጃ እየሄዱ ያርፋሉ፣ የሚወርዱት ምእመናን «ይመለሱ እማሆይ፣ ሩቅ ነው» ይሏቸዋል፣ እርሳቸው ግን አይመልሱላቸውም። አባቴ ልዘልዎት ቢላቸው «የተሳልኩት በእግሬ ነው» አሉት። እኩሌታው ላይ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉና፣ ሌሎቹ ቀድመው ሳለ፣ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ስንነሣ የተዘጋሁብሽ ተቆጥቼ ነበር። ከቁልቁለቱ ወዲህ ግን ምን እንደምልሽ አጥቼ ነው።» ሌላ አልጨመሩም። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ደርሰው ሲንበረከኩ ጉልበታቸው ድንጋዩን ሲነካ ሰማሁት፤ አባቴ ከኋላቸው ቆሞ እንደ ልጅ ያለቅስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ በዚያ ቤት ኖርን። የአልጋው ጠርዝ በሽቦ ታስሮ እንደተሰበረ ቀረ። እማሆይ ስለታቸውን ባደረሱ በሁለተኛው ዓመት ዐረፉ። እናቴ በደብረ ታቦር የጭቃ ቤት ለመሥራት እስኪበቃት ድረስ ከገበያ ገበያ መሄዷን አላቋረጠችም፤ ቤቱ ሲያልቅ ተጎታቹ ግቢ ውስጥ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ የስፌት ሱቅ ሆነ፣ ቆይቶም አባቴ ለአንድ መንገድ ሠሪ ሸጠው።

አሁን ያ ቁልቁለት አስፋልት ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቼ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ፣ አያ ፈንቴ የወጡበትን ማሳ ለመለየት እየሞከርኩ በፍጥነት አልፈዋለሁ፤ አንዳንዴ ሳላየው አልፌ ከፍታው ላይ ስደርስ ነው የማስታውሰው። ከኋላ የምትቀመጠው ልጄ ዘንድሮ አሥር ዓመት ሞላት። ያኔ ልጅ ትልቅን «አይሆንም» ማለቱ ነውር ነበር፤ እኔ ያልኩት አንድ ቀን ነው፣ እርሱንም በፍርሃት። የእኔዋ በቀን አሥር ጊዜ ትለኛለች፤ ስለ ጫማዋ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ መኝታ ሰዓቷ። አብዛኛው ከንቱ ነው፣ እኔም እቆጣለሁ። ከመቆጣቴ በፊት ግን አንድ ጊዜ «ለምን?» ብዬ እጠይቃታለሁ፣ መልሷንም እስክትጨርስ እጠብቃለሁ።